የካርቶኑ ፒያኖ ድምፅ

በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው የእህቴ ቤት መስኮት ሥር፣ ባለ መስመር ቀሚስ ያገለደሙ ወንዶች ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንድ ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ አቅፈው እየነፉ ያልፋሉ። ከዜማው በፊት የሚሰማው ያ ወፍራም፣ የማይቋረጥ ጉምጉምታ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲደርሰኝ፣ በእጄ የያዝኩትን አስቀምጬ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን የልጅነት ቤታችንን አስባለሁ። እህቴ ሰብለ መስኮቱን ከፍታ ታዳምጣለች፤ እኔ ካለሁበት አልነሳም።

አባታችን የአንድ ዲፕሎማት ሹፌር ሆኖ ወደዚህ አገር ሲያመጣን እኔ አሥራ አንድ፣ ሰብለ ስምንት ዓመታችን ነበር። ያኔ በሰፈራችን አማርኛ የሚናገር ሰው ስላልነበረ፣ እናታችን ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ታወራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችንን አስከትላ በአውቶቡስ ወንዙን ትሻገርና፣ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ሚስ ፊዮና ለሚባሉ የፒያኖ አስተማሪ መጋረጃና ልብስ ትሰፋላቸው ነበር። ሴትዮዋ ስኮትላንድ ተወልደው ያደጉ፣ ከሳቅ ይልቅ ሻይ የሚያበዙ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ስፌቷን አገላብጠው አይተው ሲያበቁ፣ በምላሹ ከልጆቿ አንዷን ሊያስተምሩላት እንደሚፈልጉ ነገሯት።

«ታላቅ እያለች ታናሽ አትቀድምም፤ ትልቋ ትጀምር በያቸው» ብላ እናቴ እኔኑ አስተረጎመችኝ።

ተረጎምኩና አፍሬ ተቀመጥኩ። ሚስ ፊዮና ጥቂት ድምፆች ተጫውተው «ድገሚው» ሲሉኝ፣ በጉሮሮዬ ሳልሳሳት ደገምኩት፤ ጣቶቼ ግን ቁልፎቹ ላይ ተገትረው ቀሩ። ቀጥሎ ሰብለ፣ እግሯ ወለሉን ሳይነካ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ የሰማችውን ሁሉ መልሳ አወጣችው። ሚስ ፊዮና እሷን መርጠው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ወደ ቤት ስንመለስ ፊቴን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዙሬ፣ ወንዙ ካለፈም በኋላ ወንዝ የማይ መስዬ ተቀምጬ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አባቴ የፍሪጅ ካርቶን ከሥራ ቦታው ይዞ መጣ። ቤታችን ፒያኖ ስላልነበረ፣ ካርቶኑን ቆርጦ ቁልፎቹን በማስመሪያ ሣለና ጥቁሮቹን በጫማ ቀለም ቀባቸው። ሰብለ ከእሱ ላይ ስትነሳ ጣቶቿ እንደ ሊስትሮ ልጅ ጠቁረው ይታዩ ነበር። እናቴም ታላቅነቴ እንዳይወድቅ በማሰብ ደንብ አወጣች፤ ሰብለ ካርቶኑን የምትነካው እኔን አስፈቅዳ ነው፣ «እትዬ» ብላ መጥራትም አለባት፣ እኔ ደግሞ የተነካውን ቁልፍ ድምፅ በአፌ አወጣላታለሁ። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ እሷ ካርቶን ትነካ፣ እኔ እዘምር ነበር። ስዘገይ ክንዴን ትቆነጥጠኝ ነበር።

በረዶው ሲወርድ ሚስ ፊዮና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ሥራ ሰጡ። እያንዳንዱ ልጅ በስኮትላንድ ስልት አንድ ዜማ ደርሶ፣ ለአንድ ፒያኖ በሁለት እጅ አቀናብሮ፣ ፀደይ ላይ በወላጆች ፊት ይጫወታል። ዜማው ከአምስት ድምፅ እንዳይበልጥ፣ አጭሯ ኖታ ደፍ ላይ እንደተደናቀፈ ሰው ቀድማ ዘልላ ረጅሟ እንድትከተል፣ ግራው እጅ ደግሞ ሁለት ወፍራም ድምፆችን ይዞ እንደ ባግፓይፕ እንዲያጉመተምት አዘዙ።

«አምስት ድምፅ ምን ያንሳል? ለሚችልበት ይተርፈዋል» አለች እናቴ ስንነግራት።

ትምህርት ቤት በበረዶ ተዘግቶ በነበረባቸው ቀናት ካርቶኑን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን እንውል ነበር። ሰብለ ትነካለች፣ እኔ አዜማለሁ፣ እሷ ያልወደደችውን ትተዋለች፣ እንደገና ትነካለች።

«እዚህ ጋ ይጎተታል፤ አንድ ድምፅ ብትቀንሺለትስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ፒያኖ አይናገርም፣ እትዬ!»

«እንግዲያው የማይናገር ፒያኖ ፈልጊ።»

እናቴ ስፌቷ ላይ እንዳጎነበሰች ሳቀች። ሰብለ ወደ እሷ ዞራ፣ «እማዬ፣ አንቺ ግራ እጅ ሁኚልኝ። ዝም ብለሽ እምምም በይ» ስትላት፣ «ደግ ነው፣ አሜሪካ የመጣሁት ለዚህ ነው» አለችና መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ማጉመትመት ጀመረች። አንድ ድምፅ መቀነሱንም ሰብለ ተቀበለችው።

ዜማው አልቆ ኖታው ላይ ሲሰፍር ግን አንድ ነገር አየሁ። እኔ ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆምኩበት ቦታ ሁሉ ሰብለ ትንሿን የዕረፍት ምልክት አስቀምጣለች። የመተንፈሴን ቦታ ከዜማው ለይታ አታውቀውም ነበር፤ ሲጀመርም ከእኔ አፍ እንጂ ከሌላ ቦታ አልሰማችውም።  የአስተማሪዋ ምርጫ፣ የአባቴ ጭብጨባ፣ የቅዳሜው ወንበር የእሷ ነበር፤ እነዚያ ምልክቶች ግን የእኔ ነበሩ፣ እንዲቀሩልኝም አጥብቄ ፈለግሁ።

ሚስ ፊዮና ግን ሲሰሙት እጃቸውን አነሱ።

«ለምን ታቆሚያለሽ? ባግፓይፕ እኮ አይተነፍስም፤ ከረጢቱ የተሠራው ነፊው ሲተነፍስ ድምፁ እንዳይቋረጥ ነው። እነዚህን አውጪያቸው።»

ሰብለ ዞራ አየችኝ። አውቶቡስ ውስጥም «ላውጣው ወይስ ልተወው፣ እትዬ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ያንቺ ነው፤ እንደፈለግሽ» አልኳት። እንዳታወጣው ነበር የምፈልገው፤ ግን መለመን አልወደድኩም።

ዛፎቹ ሲያብቡ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰብን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አባቴ ክራባቱን አሥሮ ከፊት ተቀመጡ። ሚስ ፊዮና ዜማው የሰብለ የራሷ ድርሰት መሆኑን አስታውቀው ወረዱ። ኖታውን የምገልጥላት እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን በቃሏ ስላጠናችው ከወላጆቼ ጋር እንድቀመጥ ተነገረኝ። ግራ እጇ ማጉመትመት ሲጀምር እናቴ ክርኔን ጎሰም አድርጋ «እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔ የመጀመሪያውን ቦታ እጠብቅ ነበር። ደረሰ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ የሰብለ ጣቶች ግን ሳይቆሙ አልፈውኝ ሄዱ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ይበልጥ ያማረው ያለ እኔ ትንፋሽ ነበር፤ ይህንን እዚያው ተቀምጬ፣ ከማንም በተሻለ ሰማሁት።

አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ አጨበጨበ። እናቴ ፊቴን አይታ «ምነው፣ አላማረም?» አለችኝ።

«አማረ» አልኳት።

ሰብለ በሰው መሀል እየተሽሎከሎከች ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «አወጣሁት፤ ይሻላል፣ አይደል?»

«ይሻላል።»

ጉንጬን ሳመችኝና ሚስ ፊዮና ወደጠሯት ሮጠች።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ እኔ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ አሌክሳንድሪያ እንኖራለን። እውነተኛው ፒያኖ እሷ ቤት ነው። በበዓል ስንሰበሰብ የልጅ ልጆቿ ያንን ዜማ እንድትጫወትላቸው ይለምኗታል፤ ባለፈው ፋሲካ ትንሿ ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺም ፒያኖ ፕሌይ ታደርጊ ነበር?» አለችኝ። «አይ፣ እኔ አልተማርኩም» አልኳት። ሰብለም ኖታዋን እያስተካከለች ነበር፤ አልሰማችም ይሆናል።

ቅናቱ ሄደ አልልም። ያኔ ፊቴን ወደ መስኮት ያዞረኝ ነበር፤ አሁን ግን ዜማውን በቃሏ ስለማታስታውስ ኖታ እያየች ስለምትጫወት፣ ወንበር ስቤ ከጎኗ እቀመጥና ገጹን እገልጥላታለሁ። እነዚያ ቦታዎች ሲደርሱ ዛሬም ትንፋሽ እወስዳለሁ። እሷ አትጠብቀኝም።