ልጄን ለሩቁ ኮሌጅ ያበቁልኝ መምህር

መምህር አየልኝ ባለፈው ሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በማግሥቱም እዚሁ ንፋስ መውጫ ቀበርናቸው። እሳቸው ያስተማሩት ሰው በጋይንት ብቻ ሳይሆን በስማዳም በእስቴም አለና፣ ለቀብሩ ላልደረሳችሁ ይህን ጻፍሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጽሑፌ ቢጎድል ስለ እሳቸው ብላችሁ ታገሡኝ።

ልጄ ውድነሽ መምህርት እሆናለሁ ብላ ስትነሣ ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏት። አንዱ ወንድሜ የሚኖርበት ከተማ ነው። ሌላው እጅግ የሚርቅ፣ ዘመድ የሌለን አገር ነው። እኔ ወንድሜ ዘንድ ካልሆነ አልልክም አልሁ። ቢሆንም ማጣራት አይከፋምና መምህርን ለመንኋቸው። ልጅ ስንድር የአማቶቹን ቤት እንደምናጠናው አድርጌ ነበር የጠየቅኋቸው፤ ውኃው ቅርብ ነው? የአለቃው ጠባይ እንዴት ነው? ወገኑስ ከማን ነው?

ሌላ ሰው ቢሆን በሣቀብኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሁለቱም ቦታ ተምረው የወጡ መምህራንን በገበያ ቀን እያስቆሙ ጠይቀው መጡ።

«እሜቴ፣ ውኃው በሁለቱም ግቢ አለ። የአለቆቹን ወገን ግን አልደረስሁበትም፤ እሱን ለጋብቻ ሲሆን እንጠይቃለን» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፣ «አንቺስ የምትፈሪው ምንድን ነው?» አሏት።

«ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ በመጀመሪያው ቀን ፊቴን አዙሬ ሰሌዳውን ሳስተምር ዋልሁ። ዘወር ስል ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ሄደዋል!»

ልጄ ሣቀች። እሳቸውም አስረዱን። በቅርቡ ኮሌጅ ተማሪዎቹ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት መጨረሻ ላይ ነው። በሩቁ ግን ገና ከጅምሩ በየሳምንቱ ሕፃናት ፊት ይቆማሉ። «ለዚች ልጅ ሩቁ ይሻላታል። ዕውቀቱ አላት፤ የጎደላት መቆም ነው» አሉ።

«ብትታመምስ ማን አላት?» ብዬ አለቀስሁ።

አልተከራከሩኝም። እኅታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚያው በሩቁ ከተማ ይኖሩ ነበር። ለአባታቸው ተዝካር ወደ ጋይንት ሲመጡ፣ መምህር ቤቴ ይዘዋቸው መጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአገራችን ወግ አውራ ጣታቸውን ማር አስነኩ፤ ልጄም ጠባች፤ የጡት ልጃቸው ሆነች። ያችን የምታህል ልጃገረድ ጣት ስትጠባ ሳይ፣ ከእንባዬ ጋር ሣቄ መጣ። መምህርም፣ «እንግዲህ እሜቴ፣ ዘመድ የለንም የሚሉት ነገር አበቃ» አሉኝ።

እስክትሄድ ድረስ ተማሪ ሲወጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ያቆሟት ነበር። እሳቸው በሩ ላይ ሆነው፣ «እዚህ አልተሰማም!» ይሏታል። እንደገና ትጀምራለች።

ውድነሽ ዛሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ታስተምራለች። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን እንድታነብ ተነገራት። እኔ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማለፍ አቅቶኝ፣ ከሩቅ ነጠላዋን ብቻ አያለሁ። መጀመሪያ ዝም አለች። እኔም እዚያው በሩ ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቀናሁ። ከዚያ ጀመረች።

መምህር አየልኝ፣ በእርስዎ ቦታ በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነበርሁና ልንገርዎት። ከእንግዲህ ያለ ሐሳብ ይረፉ። እዚህ ተሰምቷል።