የሰኔ ዐሥራ ሰባቱ እሳት

ስለ ብራዚል የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በቅናት ነው። ልጄን የወሰደችብኝ የመሰለችኝን ሴት አገር ከላስታ መንደሮች አብልጬ አጠናሁት።

ሴትዮዋ ነርስ ናት። በደርግ ዘመን፣ ረሃቡ ባደቀቀን ዓመት፣ ከእርዳታ ሰዎች ጋር ወደ ላሊበላ መጣች። ያኔ አንድያ ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ተስቦ ያዛት። በሽታው ይጋባል ተብሎ በሽተኞቹን ከከተማው ወጣ ባለ ድንኳን ለይተው አስተኟቸው፤ ቤተሰብ እንዳያልፍ ገመድ ተወጠረ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከገመዱ ወዲህ ቆሜ ጸለይሁ። ከገመዱ ወዲያ ውሃ ያጠጣቻት፣ ጸጉሯን የላጨችላት፣ ስትቃዥ እጇን የያዘቻት ያቺ ነርስ ናት። ልጄ ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የእሷን ፊት ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ልጄ ናት፤ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔም ተመስገን አልሁ። ለእግዚአብሔር አልሁ። ለነርሷ ግን ምንም አላልኋትም።

ልጄ ከዳነች በኋላ ከትምህርት መልስ ጤና ጣቢያው መዋል ጀመረች። ፋሻ ታጥባለች፣ በተማረችው ትንሽ እንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። አገሩ ሁሉ ነርሷን «ሲስተር» ይላታል። ፈረንጅ ናት ቢባልም ፈረንጅ አትመስልም፤ ጠይም ናት፣ ጸጉሯ ከርዳዳ፣ አንገቷ ረዘም ያለ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ ሻጯ እሷን ከልጄ ጋር አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እታለም፣ ልጅሽ ቁርጥ ሲስተርን! አንቺን ባላውቅሽ እኮ እናቷ ያቺ ናት እል ነበር።»

በዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ወር ያህል ከዚያች ሴት በርበሬ አልገዛሁም።

ማታ ማታ ልጄ የምታወራው ብራዚልን ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው ለባርነት የተወሰዱ ብዙ ሰዎች እዚያ አሉ፤ ሲስተርም ከእነሱ ወገን ናት። እዚህ ላይ አዘንሁላት። የሚናገሩት ግን የፖርቱጋልን ቋንቋ ነው ስትለኝ ኀዘኔ ቆመ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ በጥንት ዘመን ፖርቱጋሎች ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡ ስንት ደም እንዳፋሰሱ ከእሱ ሰምቼ ነበር። ከዚያች ማታ ጀምሮ ስለ አገሯ የምሰማውን ሁሉ ስሕተት ለማግኘት ሰማሁት።

ከዐቢይ ጾም በፊት አራት ቀን በየመንገዱ ይጨፍራሉ፤ ልብሳቸው ላባና ጨሌ ነው፤ በማግስቱ ቄሱ ግንባራቸው ላይ ዐመድ ይቀባቸውና ጾሙ ይገባል አለችኝ። እኛስ ቅበላ አለን አይደል፤ ላባ ግን አንለብስም አልኋት። የየዕለት ምግባቸው ሩዝና ባቄላ መሳይ ጥቁር እህል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱኑ ከሥጋ ጋር ይቀቅሉታል አለች። የምን ሥጋ ብዬ ብጠይቃት ወሬ ለወጠች። አጥብቄ ስይዛት፣ «የአሳማ» አለች በቀስታ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ እጇን እያስታጠብሁ ነው ያስገባኋት።

በዓመቱ ሰኔ ዐሥራ ስድስት ቀን ልጄ ሁለት እስር እንጨት ለመነችኝ። ነገ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው አለች።

«ዮሐንስ ሰኔ ሠላሳ ነው» አልኋት።

«ለእነሱ ዐሥራ ሰባት ነው። እሳት አንድደው ያከብሩታል። አንቺም ነይ ብላለች፣ እማዬ። አደራ ብላለች።»

እንጨቱን ሰጠኋት። የሄድሁት ግን ለማክበር አልነበረም፤ ለማየት ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እሳቱ ተለኮሰ። በአገሯ ሰኔ የበቆሎ እሸት ወር ነው አሉ፤ እዚህ እሸት ስላልነበረ የእርዳታውን በቆሎ ቆልታ፣ ከዱቄቱም በስኳር ጣፋጭ ቂጣ ጋግራ አቀረበች። ከሁሉ የገረመኝ ቀሚሷ ነው። ደህናው ቀሚስ ላይ ቀይና ቢጫ እራፊ ጥፋበታለች። የባላገርን በዓል በባላገር ልብስ ማክበር የአገራቸው ወግ ነው ብላ ልጄ አስረዳችን። እኔ የገዛ ቀሚሴን ጥፍ በነጠላ ሸፍኜ ነው የቆምሁት። ለእሷ ጌጥ የሆነው ለእኔ ገመና ነበር፤ ይህም ቅናቴ ላይ ተጨመረ።

እሳቱን ያየ አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

«የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው፣ ጓድ» አለችው ልጄ።

«ዮሐንስ ለቀበሌው አሳውቋል?»

ሲስተር ነገሩ ሳይገባት እፍኝ ቆሎ ዘገነችለት። ቀምሶ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ።

እሳቱ ከስሎ ፍም ሲሆን ሲስተርና ልጄ በፍሙ ወዲህና ወዲያ ቆመው በላዩ ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሲስተር በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች፤ የቅዱስ ዮሐንስን ስም ጠራች። ከዚያ ቦታ እየተለዋወጡ ፍሙን ሦስት ጊዜ ዘለሉት። ልጄ ፊቷ በርቶ ወደ ሰው ዞረች።

«ከዛሬ ጀምሮ የክርስትና እናቴ ናት!»

ልጄ የክርስትና እናት የሌላት ይመስል፣ በሰማንያ ቀኗ ያስጠመቅኋት እኔ ያልሆንሁ ይመስል። ፖርቱጋሎቹ ትዝ አሉኝ። ሲስተር እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ስትመጣ አየኋት። ጀርባዬን ሰጥቻት ወጣሁ።

ሦስት ቀን ልጄን አላናገርኋትም። በሦስተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ልጄን በእሳት አጠመቁብኝ አልኋቸው። አባ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቁኝ።

«ውሃ ነበረ?»

«የለም፣ አባ።»

«ቄስስ?»

«እሱም የለም። ፍም ነው የዘለሉት።»

«አንቺ ልጅ ሳለሽ የደመራውን ፍም ስትዘዪ እኔው አይቼሻለሁ። ያን ጊዜ ማን አጠመቀሽ?»

አባ በዚህ አልተውኝም።

«ያመመሽ ሃይማኖቷ ነው ወይስ ልጅሽን መጋራቱ?»

በመስቀላቸው ፊት መዋሸት አልሆነልኝም። መጋራቱ ነው አልኋቸው።

«ለመሆኑ ልጅሽን ስታተርፍልሽ ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ፣ አባ።»

ስግደት ያዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሄደሽ አመስግኛት፣ ቀኖናሽ ይኸው ነው አሉኝ። መቶ ስግደት ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ልቃቂት ፈትል በነጠላዬ ቋጥሬ ሄድሁ። ሲስተር መርፌዎቿን በድስት እየቀቀለች ነበር፤ ልጄ አጠገቧ ቆማለች። ፈትሉን አስቀመጥሁ።

«ልጄን ስላተረፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ልጄ አስተረጎመች፤ ሲስተርም ረጅም ነገር መለሰች። ልጄ ስትሰማ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ፣ እኔም አሁን ገና ነው የገባኝ አለች። በሲስተር አገር በዮሐንስ እሳት ላይ የክርስትና ልጅ የሚይዝ ሰው የሚዘመደው ከልጅቱ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከወለደቻት እናት ጋርም ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ የሚያበጀው በዚህ ነው። ሲስተር እናቷን በሕፃንነቷ ቀብራ በሰው ቤት ያደገች ናት። ልጄን ሳይሆን እኔን ነበር የፈለገችው። ገመዱን ይዤ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስቆም ከድንኳኑ ውስጥ ታየኝ ነበር። በዚያች ምሽት እጇን ዘርግታ የመጣችው የወጉን ቀሪ ከእኔ ጋር ልትጨርስ ነው፤ እኔ ሄድሁባት።

«ታዲያ ምን ሊሉን ነው?» አልኋት ልጄን።

«አበልጅ ናችኋ።»

ሲስተር ቃሉን ከልጄ አፍ ተቀብላ ደጋገመችው። «አበልጄ» አለችኝ፣ እጇን እንደገና ዘርግታ። ያዝሁት። ከመርፌው እንፋሎት የተነሣ ሞቃት ነበር።

ከአበልጅ ጋር መቀያየም በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ቅናቴን በግልጽ ማሳየት ተውሁ። እሷም ከሚቀጥለው ክረምት በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጄ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ ለዚያም ንስሐ ገባሁ።

እስከ ዛሬ በጸሎቴ ከልጄ ስም ቀጥዬ የአበልጄን ስም እጠራለሁ። እግዚአብሔር በእሷ እጅ ያደረገልኝን አልረሳም። የልጄን ስም ግን ቀስ ብዬ እጠራለሁ፤ የእሷን ፈጠን አደርገዋለሁ።