መሬት ያልነካ ሰላጣ

ወልቂጤ በተከራየሁበት ግቢ መሬት ሞልቷል። እኔ ግን ሰላጣዬን የምተክለው ጎኑ በተቀደደ የዘይት ጀሪካን፣ በቀለም ባልዲና በተሰነጠቀ ሳፋ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ «አፈሩ ውኃ ይቋጥራል» እል ነበር። ውሸቴን ነው። አስተማሪ ነኝ፤ አገሬ ጎጃም ነው፤ በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላ ነበር። ዝውውሩ በመጣ ቀን ባልዲዎቼን አይሱዙ ላይ ጭኜ፣ አንዲት ሥር ሳልተው መሄድ ነበር ሐሳቤ።

አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ የቸሃ ጉራጌ ሴት ናቸው፤ ከጓሮ እንሰታቸው ጋር ሲነጋገሩ ይውላሉ። መጀመሪያ ሰላጣውን በሎሚና በቃሪያ ሠርቼ ባቀርብላቸው፣ አንዱን ቅጠል አንስተው አገላበጡት።

«ጥሬውን?»

«አዎ እማማ።»

«ወይ ጉድ! እኛ ጥሬውን የምንበላው ሥጋ ነው። ቅጠልማ ይቀቀላል።»

ከዚያ ወዲህ ሰላጣዬን «የበግ ምሳ» ይሉታል። ይሁን እንጂ እኔ ትምህርት ቤት ስውል ባልዲዎቼን ሳያጠጡልኝ ቀርተው አያውቁም። ለምን መሬት ላይ እንደማልተክል አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሆድ ካገር ይሰፋል፤ ያውቁ ነበር።

ባለፈው በልግ የእንሰት ችግኝ እየነቀሉ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዞሩ አገኘኋቸው።

«ዛሬ የነሱ ዝውውር ነው» አሉኝ እየሳቁ።

ነገሩ እኔን ነካኝና ቆጣ አልኩ። «ደህና የያዘውን ለምን ይነቅሉታል?»

«ባንድ ቦታ ከኖረ አይወፍርም። ሦስቴ ይነቀላል። አራተኛው ቦታ ቤቱ ነው፤ እዚያ ይተዉታል።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ፣ ስንተኛሽ ነው?»

ቆጠርኩ። ከእናቴ ቤት ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ የመጀመሪያ ምድቤ ጉብሬ፣ ከጉብሬ ወልቂጤ። ጎጃም የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር እናቴ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ቆየች። ይህን ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«አራተኛዬ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ።

 መቆፈሪያውን አቀበሉኝ።

ፎርሙ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ቀረ። በማግስቱ ባልዲዎቼን ገልብጬ ሰላጣዬን ከእንሰቱ አጠገብ ተከልኩት። ሳምንት ሳይሞላው የእማማ ዶሮዎች ግማሹን ለቀሙት።

«ጥሬውን!» ብለው ሳቁብኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አጥር የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወጣሁ።