ምንጣፉን አትንኪ

ከአማኑኤል ከተማ የወጣሁት ማለዳ ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና አቅፋኝ ከቆየች በኋላ፣ «ብርድ እንዳይመታሽ» አለችኝ። እኔም የፈራሁት ብርዱን ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር የጠመኔ ብናኝ እየዋጥኩ አንድ ቀን አላሳለኝም።

እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ስጠይቅ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ብለው ከሌሎች ስደተኞች ጋር አንድ ቤት አስገቡኝ። ክፍሌ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው፤ ምን እሱ ብቻ፣ ሽንት ቤቱም ምንጣፍ አለው። መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ አይከፈትም። እኛ አገር ፍራሽ ፀሐይ ይመታዋል፣ ወለል ይጠረጋል። እዚህ ፀሐዩም የለ፣ ምንጣፉም አይነሳ።

በሁለተኛው ወር ማሳል ጀመርኩ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁ። አንድ ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ ደረቴ ተቆለፈ፤ የሳብኩት አየር አልወጣ አለኝ። አብራኝ የምትኖረው ኤርትራዊቷ ሰናይት አምቡላንስ ጠራችልኝ።

ሐኪም ቤት ያየችኝ ነርስ አስም ነው አለችኝ። ክንዴን በመርፌ ጫር ጫር አድርጋ ስትመረምረኝ፣ የማይስማሙኝ አቧራ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ሆነው ተገኙ። ቤታቸው ፍራሽና ምንጣፍ ነው። በአፍ የሚሳብ ሁለት ፓፍ ሰጠችኝ፦ ሰማያዊው ሲያፍነኝ፣ ቡናማው ግን ደህና ብሆንም ጠዋትና ማታ የምስበው። አንሶላዬን በየሳምንቱ በጣም በሞቀ ውኃ እንዳጥብ፣ ፍራሹን ዚፕ ባለው ልባስ እንድሸፍን፣ ከተቻለም ምንጣፉን እንዳስነሳ መከረችኝ።

የሐኪም ደብዳቤ ይዤ ለቤቱ ኃላፊ ነገርኩት።

«ምንጣፉ የቤቱ ንብረት ነው፤ አይነሳም» አለኝ።

«እንግዲያው ሌላ ክፍል ስጠኝ።»

«ሌሎቹም ምንጣፍ አላቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ። «መስኮት ከፍተሽ ሞክረሻል?»

ሰናይትና እኔ ምንጣፉን ነቅለን፣ ጠቅልለን ኮሪደር ላይ አቆምነው። እንጨቱ ወለል ብቅ ሲል ደስ አለኝ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ሁለት ሳምንት እንደ ሰው ተነፈስኩ። ዳንኩ ብዬም ቡናማውን ፓፍ ተውኩት። ያ የራሴ ጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባችሁ እንደኔ እንዳትሳሳቱ።

ኃላፊው ለፍተሻ ሲመጣ ግን ምንጣፉን መልሶ በሚስማር አስመታው። መዶሻው በመታ ቁጥር አቧራው ይነሳል። «ሁለተኛ ከነካሽው ቤቱን ትለቂያለሽ» የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ተኛሁ።

አሁን ቡናማውን አላቋርጥም። ፍራሼንም ሸፍኛለሁ። ሕመሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወኝም፤ ሲብስ ደጅ ወጥቼ ዝናብ ላይ እቆማለሁ። ከዚህ ቤት ብወጣ መጠለያ የለኝም፣ ካገሩ ብወጣ ጉዳዬ ይዘጋል። ውሳኔው ይኸው አልመጣም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች።

«ምን ያስለከልክሻል?»

«ደረጃ ወጥቼ ነው እማዬ።»

«ክፍሌ ምድር ቤት ነው አላልሽኝም?»

ከመታመሜ ጀምሮ የደበቅኳትን ሁሉ ያኔ ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ነይ ብልሽም መምጣት አትችዪም» አለች። «በቃ አታውሪ። ስልኩን አትዝጊውና ተንፍሺ፤ እኔ እሰማሻለሁ።»