የወይራ ዘይቱና ሳልተረጉመው የቀረሁት ቃል

የመጀመሪያ ልጃችን ጸጸራት በሚባለው ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ያለ ወሩ ተወለደ። ባለቤቴ ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ እኔም ከእሷ ብዙ አልበልጥም። ልጁ ከሳምንታት በኋላ ሰውነቱ በሽፍታ ተሸፈነ፣ ራሱም ቢጫ ቅርፊት አወጣ። አማቴ ከመንደራቸው ከዓዲ ኣበይቶ ቅቤ ይዘው መጥተው ቢቀቡት ባሰበት።

ከግቢያችን ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው አዋላጅ እንደነበሩ ይነገራል። የልጁን ለቅሶ ሰምተው አንድ ቀን አረንጓዴ ጠርሙስ ይዘው ገቡ። የወይራ ዘይት ነበር። ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው በእጃቸው ሙቀት አሞቁና ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ አሹት።

«ፒያኖ፣ ፒያኖ። ቀስ ብለሽ» አሏት ባለቤቴን፣ በተሰባበረ ትግርኛ። «ለእናንተም ደግ ነው። ሾርባችሁ ላይ ጨምሩት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠነክርበታል።»

በሳምንቱ ሽፍታው ጠፋ፣ ቅርፊቱም እየላላ ወደቀ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ በዘይቱ አመነች።

ነገር ግን ልጁ ሲጠባ ግንባሩን ያልበው፣ ከንፈሩም ይጠቁር ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነበር። የልጁን ደረት ለረጅም ጊዜ አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ባለቤትዎ አማርኛ ይሰማሉ?»

«አትሰማም፣ ዶክተር።»

እኔ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ሲባል እንጀራ ያገኘሁት በዚያው ነበር፤ የአንድ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበርኩ።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው። ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ሲፈጠር ጀምሮ ነው። እዚህ የሚጠግነው የለም፣ አዲስ አበባም የለም። ዓመት መድረሱን እጠራጠራለሁ።»

«እንታይ ኢሉ? ምን አለ?» አለችኝ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ።

ዓይኗን አየሁና አቃተኝ። በትግርኛ፣ «ደካማ ነው ብሏል» አልኳት። «በደንብ አጥቢው፣ የወይራ ዘይቱንም አታቋርጪ፤ እየጠነከረ ይሄዳል ብሏል።»

ፊቷ በራ። ወደ ሐኪሙ ዞራ ጎንበስ ብላ «የቐንየለይ» አለችው። ምስጋና መሆኑን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ደንግጦ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ታቆመዋለች፤ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጣ ታሸዋለች። ልጁ ሲታሽ ይስቃል። ቆዳው ከማማሩ የተነሣ የሰፈር እናቶች ሊያዩት ይመጡ ነበር፤ እሷም ሐኪም ያዘዘው ነው እያለች ታስተምራቸዋለች። እኔ ከሥራ ስመለስ ከንፈሩን አያለሁ፤ በየጊዜው እየጠቆረ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ወራት አለፉ።

አሮጊቷ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሄዱ። ያን ሰሞን ዘይቱ ከወደብ የሚመጣበት የምጽዋ መንገድ ለወታደር ብቻ ሆነና የጭነት መኪና መግባት አቆመ። ዘይታችን አለቀ። እዳጋ ሓሙስ ገበያ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የመጨረሻው ባለሱቅ የወሎ ሰው ነበር።

«ወላሂ፣ ወንድሜ፣ ጠብታ የለኝም» አለኝ። «የሰሊጥ ግን አለ፤ እሱን ውሰድላት።»

ወሰድኩላት። አሽትታ መለሰችልኝ። «ዶክተሩ ያለው ይሄን አይደለም።»

ዘይቱ ባለቀ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ልጁ እቅፏ ውስጥ ሞተ። ዘጠኝ ወሩ ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ «አሥራ ሁለት ቀን» አለች። «አሥራ ሁለት ቀን አቋረጥኩበት።»

ያኔ እውነቱን ነገርኳት። ስለ ቀዳዳው፣ ዓመት አይደርስም ስለ መባሉ፣ ሁሉንም። እያለቀሰች ሰማችኝና «ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። «አየህ? ላጽናናት ብለህ ነው የምትዋሸው።»

ማልኩላት፣ አላመነችም። ሐኪሙ ራሱ እንዲነግራት ይዣት ሄድኩ፤ ተዛውሮ ነበር። መዝገብ ቤቱ የልጁን ካርድ አወጣልኝ። በአማርኛ የተጻፈውን ቃል በቃል አነበብኩላት። ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ፊደል ስላልቆጠረች ያየችው አንዱም አልገባትም።

«የምታነበው አንተ ነህ» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በኋላ ሁለት ሴት ልጆች ወለድን። ሁለቱንም በወይራ ዘይት አሸቻቸው፤ አልጋችን ሥር ሦስት ጠርሙስ ሳይኖር አትተኛም። ጤነኛ ሆነው አደጉ። ጎረቤት ቆዳቸውን ሲያደንቅ፣ «ወንድማቸውም ይኖር ነበር፤ እኔ ነኝ ያቋረጥኩበት» ትላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከራት ነበር። ባስተባበልኩ ቁጥር ያን ዕለት ሙሉ ብቻዋን ስትቀመጥ ሳይ ግን ተውኩት። አሁን ስትናገር ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ሰውም የእኔ ዝምታ «እውነቷን ነው» ማለት ይመስለዋል።