የመሪጌታ ወንበር

በለጠችን የሰፈሩ ሰው «የሽንት ቤቷ ልጅ» ይላታል። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ከደባርቅ በታች ወዳለው የትውልድ ቀበሌዋ ስትመለስ፣ መጀመሪያ ያስቆፈረችው የሽንት ቤት ጉድጓድ ስለነበረ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተረተሩን እየወጣችና እየወረደች ሕፃን ስትከትብ፣ አራስ ስትጠይቅ ስሙ አልለቀቃትም። እሱንስ ለመደችው። ያልለመደችው የምታውቀውን እንዳትሠራ መከልከሏን ነው።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ከተኙ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሽንታቸው ወደ ከረጢት የሚወርደው በቱቦ ነው፤ ቱቦው በየሠላሳ ቀኑ መቀየር አለበት። መቀየር የነርስ ሥራ ነው፤ ነርሱ ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ብቻውን ስለሆነ ታማሚ ቤት አይሄድም። ታማሚ ቤት መሄድ የበለጠች ሥራ ነው፤ እሷ ደግሞ ቱቦ መንካት አልተፈቀደላትም። ስለዚህ በየወሩ ጎረቤት ተጠራርቶ መሪጌታን በዕድሩ ቃሬዛ ተሸክሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሄዳል።

ጥቅምት ሃያ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ መሪጌታ እምቢ አሉ።

«የኔታ፣ ከረጢቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠብ አላለበትም። ቱቦው ተደፍኗል። እንዲህ ከዋለ ይገድልዎታል» አለች በለጠች።

«በዚህ ቃሬዛ ስንቱን ወደ መቃብር ሸኝቻለሁ፤ ባለፈው ወር በገበያው መሀል ሲያሳልፉኝ አንዲት ሴት እዬዬ ማለት ጀመረች። ነፍሴ ሳትወጣ ተለቀሰልኝ! ከእንግዲህ በሱ የምወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

በለጠች ቃሬዛውን አየችው። የእሷም እናት የወጣችው በዚያው ቃሬዛ ነበር።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ለነርሱ ለፀጋው ደወለች።

«ና እባክህ፤ በቅሎ እልክልሃለሁ።»

«ጣቢያውን ለማን ጥዬ? ምጥ የያዛት ሴት አለችብኝ።»

«እንግዲያው እኔ ልቀይረው። ሦስቴ ስትሠራ አይቻለሁ።»

«እንዳታደርጊው! ብትስቺ ያደማቸዋል። አንቺም እኔም እንጠየቃለን።»

«ታዲያ የኔ የቤት ለቤት ሥራ ምንድን ነው? ቆሞ ማየት?»

በለጠች ስልኩን ዘጋችና ፊቷ ያገኘችውን ድንጋይ በእግሯ መታችው። ያመማት እግሯን ነው።

ስትመለስ የመሪጌታ ሆድ ተነፍቷል። ግንባራቸውን አልቧቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሸጊቱ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላቸዋል። በለጠች ዙሪያውን ስታይ፣ ጥግ ላይ መሪጌታ ተማሪ ያስተምሩበት የነበረውን ባለመደገፊያ ወንበር አየች። ላዩ ላይ ገለባ ተደርጎ ዶሮ ታቅፋበታለች።

«የኔታ፣ ቁጭ ብለው ቢሆንስ?»

ወንበሩን አዩት። «ዶሮዋስ?» አሉ። «ሃያ አንድ ቀኗ ገና አልሞላም።»

«የእርስዎ ሠላሳ ግን ሞልቷል!»

እትዬ ሸጊቱ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አነሡ። የእህታቸው ልጅ ያርጋልና ሦስት ጎረቤቶች በወንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም እንጨት በመጫኛ ጠፍረው አሰሩ፤ መሪጌታንም እንዳይወድቁ ወገባቸውን ከመደገፊያው ጋር በጋቢ አሰሯቸው።

«ተሾሙ እኮ የኔታ!» አለ ያርጋል፣ ትከሻውን እያስገባ።

«ዝም ብለህ ተሸከም። እኔ እንደሆነ ሽንቴን ነው የምፈልገው።»

በገበያው መሀል ሲያልፉ ሰው ዞር ብሎ አየ። «እንዴት ዋሉ የኔታ?» ይላል። እሳቸውም ሕመሙ ጥርሳቸውን እያስነከሳቸው ደህናውን እጃቸውን ያነሣሉ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት አልነበረችም።

ፀጋው ቱቦውን ለመቀየር አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ከረጢቱ ሲሞላ መሪጌታ «ተመስገን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለዚህች ነው ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት?» አለች በለጠች።

«ለኔ አትንገሪኝ። መመሪያውን ለጻፉት ንገሪ።»

የወሩን ሪፖርት ቅጽ አውጥታ አየችው። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ አጎበር ይጠይቃል። ስለ ወንበር የሚጠይቅ ቦታ የለውም። መልሳ አጠፈችው።

ማምሻውን መሪጌታን አልጋቸው ላይ አስተኝተው ሲያበቁ ያርጋል መጫኛውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። በለጠች በጣቷ ሠላሳ ቀን ቆጠረች።

«ኅዳር ሃያ» አለች።

«ኅዳር ሃያማ አጨዳ ነው። ማን ይሸከማል?»

«አላውቅም» አለች። «እንጨቱን ግን አትፍታው።»