የባሩ በርና የአትክልቱ በር

አስተናጋጇ ብርጭቆውን ፊቴ ስታስቀምጠው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው መጠጡ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የተሰካችው ብርቱካን ናት። ስስ ተደርጋ ተቆርጣለች። መጠጡ ከታች ቀይ ሆኖ ወደ ላይ ሲመጣ ቢጫ ይሆናል። ያለሁት ነቀምቴ ነው፤ አዲስ ሆቴል፣ የላይኛው ፎቅ፣ ዙሪያው መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት። ከወዲያ ያሉት ወጣቶች ኮክቴላቸውን ሳይቀምሱ በፊት ፎቶ ያነሱታል። አንዷማ ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጀምበሯ ከጀርባው እስክትገባላት ስትጠብቅ በረዶው ሟሙቶ አለቀ። እኔ ደግሞ ለአጭር ስልጠና የመጣሁ ሽበታም መምህር፣ ጥግ ይዤ ገመቹን እጠብቃለሁ።

ገመቹ የወጣትነት ባልደረባዬ ነው። ከተለያየን ስንት ዘመናችን! ከሰልጣኞቹ አንዱ የእሱ ተማሪ የነበረ ሆኖ ተገኘና ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ደውዬ፣ "ያረፍኩበት ሆቴል ላይ ጥሩ ባር አለ፣ ማታ ና፣ ልጋብዝህ" አልኩት። "እሺ፣ እመጣለሁ" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ያች "እሺ" ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የት ነው የማውቃት እያልኩ ሳለሁ ነው ብርቱካኗ የመጣችው።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ነቀምቴ ስመደብ ከአዲስ አበባ ውጭ የማውቀው ደብረ ዘይትን ብቻ ነው። አውቶቡሱ ከንጋት ጀምሮ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን እያለ ሲያንገጫግጨን ዋለ። ባኮ ላይ ሰው ሁሉ ማንጎ ሊገዛ ሲወርድ እኔ ሻንጣዬን አቅፌ ተቀመጥኩ፤ የሚሰረቅ ነገር ያለው ይመስል! ጨለለቂ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። የወለጋ ዝናብ እንደ አዲስ አበባው እንግዳ ሆኖ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፣ ቤተኛ ነው። ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የራሴን ሬዲዮ እንኳ አልሰማም ነበር።

ሰው ጠልቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የጠላኝ ግን አልነበረም። መንገድ ላይ "አካም ጂርታ? ነጋ?" ይሉኛል፣ እጄን ይዘው ቤተሰቤን ከብቴን ሁሉ ይጠይቁኛል። እኔ ያለችኝ መልስ "ነጋ" ብቻ ናት፣ ሰላም ማለት ነው፤ ለሁሉም እሷኑ እሰጣለሁ። ከዚያ ወሬው በኦሮምኛ ይቀጥልና እኔ ፈገግ እንዳልኩ እቀራለሁ። ማታ ማታ ምግብ ቤት ስገባ ወደ ግድግዳ የዞረ ወንበር እመርጣለሁ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ፊቱን የት እንደሚያደርገው የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ሆድ ይብሳል። እውነቱን ልናገር፣ አልቅሼም አውቃለሁ።

ለሊሴ ባትኖር ኖሮ አንድ ወር የምቆይ አይመስለኝም። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቀልድ ሲወራ አጠገቤ ትመጣና ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ ትነግረኛለች። ሁሉም ስቆ ሲያበቃ እኔ ለብቻዬ እስቃለሁ። በእኔ ዘግይቶ መሳቅ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይስቃል። ገመቹ፣ የሰባኪ ልጅ፣ ሒሳብ አስተማሪ፣ "የአንተ ሳቅ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው" ይለኝ ነበር። ለሊሴ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ እሷም ገመቹም የሚጠጣ ነገር ቢሉ ሻይ ነው። ይህን አውቃለሁ። ወደድኳት ማለቱን ግን እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

እኔ ሰው መሆንን የተማርኩት ከአጎቴ ነው። አጎቴ በበዓል ማግስት ሱፉን ለብሶ ፒያሳ ካሉት ባሮች ወደ አንዱ ይወስደኝ ነበር። ነጭ ኮት የለበሰ ባርማን፣ የቆዳ ወንበር፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ። ሰው በዚያ በር ሲገባ አካሄዱ ይለወጥ ነበር። ለእኔ ለስላሳዬ እንኳ በባለ እግር ብርጭቆ ነበር የምትመጣው። ለሴት ልጅ ክብር መስጠት ሲባል የሚታየኝ እንግዲህ ያ ቤት ነው፤ ሌላ ከየት ላመጣ!

ነቀምቴ ላይ ወደዚያ የሚጠጋ አንድ ቦታ ነበር። ባሩ በሩን ወደ ዋናው መንገድ የከፈተ የድሮ ሆቴል ነው። ከጀርባው አትክልት አለው ሲሉ እሰማለሁ፤ በጓሮ መንገድ የሚገባበት፣ ሻይና አምቦ ውኃ የሚጠጡ ሰዎች ጎጆ ሥር የሚቀመጡበት። ምኔም አይደል ብዬ አይቼውም አላውቅ። እኔ የምወደው ባርማኑን ኦቦ ተሬሳን ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል። ኮክቴል መምቻቸውን፣ ያንን የብር ቀለም ያለውን ሼከር፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከመደርደሪያው ጀርባ ያስቀምጡታል። "እዚህ ማን ይጠይቀኛል ብለህ ነው?" ይሉኛል። "ቢራ ክፈት ነው፣ ቢራ ክፈት።"

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሄጃለሁ እያለ በማይሄድበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንድ መልእክት መጣልኝ። ሚስቱ ነቀምቴ የምትኖር አንድ አስተማሪ ቦታ እንቀያየር ይላል። እስከ ሰኞ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። እናቴ በደስታ ልትሞት ነው። እኔ ግን ለሊሴን አሰብኩና ከራሴ ጋር ቁርጥ አደረግኩ። ቅዳሜ ማታ ባልደረቦቼን እጋብዛለሁ፤ ከመጡ ሰው አለኝ ማለት ነው፣ እቀራለሁ፤ ለለሊሴም የልቤን እነግራታለሁ። ካልመጡ ጎመን በጤና፣ አገሬ እገባለሁ። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።

አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቆሜ ጋበዝኳቸው። "ቅዳሜ፣ የኦቦ ተሬሳ ባር" አልኩ። ገመቹ ለሊሴን አየ፣ ለሊሴ ገመቹን አየች።

"እሺ፣ እንመጣለን" አለ ገመቹ።

ለሊሴን ለብቻዋ፣ "ላንቺ አልኮል የሌለበት ነው የሚሠራልሽ። እኔ ራሴ ነኝ ያዘዝኩት" አልኳት።

ሳቀች። "አንተ ደግሞ! ለዚህ ሁሉ ምን አደከመህ? ማሎ፣ ብቻ በጊዜ ይሁን። ዝናብ ሳይዘን።"

የእሷን ማሎ፣ እባክህ ማለቷን፣ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ይዤ አደርኩ።

ቅዳሜ ጀምበር ሳትገባ ደረስኩ። ሱፍ ለብሻለሁ፣ ጫማዬን በጭቃ ውስጥ በድንጋይ በድንጋይ እየዘለልኩ ነው ያመጣሁት። ኦቦ ተሬሳ ከየት አምጥተው እንደሆነ እንጃ ነጭ ኮት ለብሰዋል፤ ሆዳቸው ላይ አልቆለፍ ብሏል። ብርጭቆዎቹን ደርድረው ብርቱካን፣ አናናስና ቀይ ሽሮፕ አዘጋጅተዋል። "ለሴቲቱ" ብለው የመጀመሪያውን ሠሩ። ቀዩ ከታች ተኛ፣ ቢጫው ከላይ ቆመ፣ ብርቱካኗ ጠርዙ ላይ ተሰካች። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያማረ ነገር አልሠራሁም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ምን መጣ፣ ወረደ እንጂ! መብራቱም ሄደ። ኦቦ ተሬሳ ሻማ አበሩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ የሚገባው ግን ጃንጥላውን የሚያራግፍ ነጋዴ ወይም ቢራ የፈለገ ሹፌር ነው። ቀዩና ቢጫው ቀስ በቀስ ተደባልቀው አንድ የደፈረሰ ቀለም ሆኑ።

"ዝናቡ ነው፣ ቲቸር" አሉኝ ኦቦ ተሬሳ። "እዚህ አገር ሰው በዝናብ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ሙዚቃ እንኳ የለም። ዝናቡን ብቻ እየሰማሁ፣ ያች "እሺ" እምቢ ማለት እንደነበረች ለራሴ ማስረዳት ጀመርኩ። በይሉኝታ ነው ያሉኝ፣ እኔ ማን አለኝና፣ ለመሆኑ ምን አስባ ነው አብራኝ የምትመጣው እያልኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ የሚሰጠው ምክር አያድርስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ተነሣሁ። ኦቦ ተሬሳ ነጩን ኮት ሲያወልቁ አላየኋቸው መስዬ በባሩ በር ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ለለሊሴ "ደህና አደርሽ" ብዬ አለፍኳት። ቆማ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድነግራት የምትጠብቅ ይመስላል። የተበደለችው እሷ ናት እንዴ ብዬ ጭራሽ ነደደኝ! በዚያው ቀን ለቅያሬው እሺ አልኩ። ለምን አልጠየቅካቸውም ትሉኝ ይሆናል። ኩራቱ ራቱ የሚባለው እኮ ለእኔ ዓይነቱ ነው። ስሄድ ገመቹ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡስ ተሸከመልኝ። እሱም ምንም አላለኝ፣ እኔም ምንም አላልኩት። ለሊሴ አልመጣችም።

አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ያማሩ ባሮች አይቻለሁ፣ ብዙ ባለ ብርቱካን ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። እናቴ "አግባ" እያለች አረጀች፣ አረፈች። ሁልጊዜ ለሁለት የሚሆን ጠረጴዛ ይዤ ብቻዬን መቀመጥ ለምዶብኝ ቀረ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ፣ ዛሬም በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

"የት ነህ አንተ?" አለ ገመቹ።

"ላይ ነኝ፣ ባሩ ውስጥ። አንተስ?"

ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?"

"ምን ዛሬም?"

"ና ውረድ። ታች የሆቴሉ አትክልት ውስጥ ነኝ። እኛ እዚያ አንገባም እኮ።"

ሊፍቱን መጠበቅ አልቻልኩም፣ በደረጃ ወረድኩ። ገመቹ መላጣ ሆኗል፣ አምቦ ውኃ ከፊቱ አለ። ተቃቀፍን። ከተቀመጥን በኋላም እጄን አልለቀቀም።

"ያን ቅዳሜ እስከ ዝናቡ ማብቂያ ጠበቅንህ" አለኝ። "ሁላችንም ነበርን። ጎጆው እያፈሰሰ፣ ወንበር እየቀያየርን። እኛ በባር በር እንደማንገባ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለሊሴ ዘማሪ፣ እኔ የሰባኪ ልጅ፤ በዚያ በር ብንገባ ወሬው ቀድሞን ቤት ይደርስ ነበር። ባር ስትል በቃ በጓሮ ገብተን አትክልቱ ጋ እንደምንቀመጥ የምታውቅ መሰለን። ሲያባራ የአትክልቱን አስተናጋጅ ወደ ባሩ ላክናት። 'አሁን በፊት በር ወጣ' አለችን።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አየኸንና ናቅከን ብለን ነዋ! የአዲስ አበባ ልጅ፣ እኛ ጋ ጭቃ ላይ መቀመጥ አሳፈረው አልን። አንተስ ለምን አልጠየቅከንም?"

መጠጡን አስቤበት፣ አልኮሉን አስወጥቼ፣ ብርቱካኗን አስቆርጬ፣ በሩን አላሰብኩበትም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለእንግዳ የሚነግረው የለም። ከእኔ እስከ እሷ አንድ ግድግዳ ነበር፤ እኔ በዚህ ወገን፣ እሷ በዚያ ወገን፣ ያንኑ ዝናብ እየሰማን።

"ለሊሴስ?" አልኩት በመጨረሻ።

"ጊምቢ ናት። ደህና ሰው አገባች። ልጆቿ አድገዋል።" ትንሽ አመነታ። "ያን ቀን ምሳ ዕቃ ይዛ ነበር። አንጮቴ በቅቤ ሠርታልህ። ቀምሼ አላውቅም ብለሃት ነበር አሉ። በሻርፗ ጠቅልላ፣ እንዳይቀዘቅዝ እቅፍ አድርጋ ነው የቆየችው። እንደያዘችው ወደ ቤቷ ገባች።"

አንጮቴ ያገሩ ሥራ ሥር ነው፤ ለመስቀል ሰሞን ለሚወዱት ሰው የሚቀርብ። ብዬአት ኖሯል። እሷ አስታውሳ እኔ ረስቼዋለሁ። እዚያው ገመቹ ፊት ዓይኔን እንባ ሞላው፣ አልደበቅኩትም።

"እስከ ዛሬ አልቀመስኩትም" አልኩት።

"ነገ እኔ ቤት ይሠራልሃል። ማታ ና።"

"እሺ" አልኩት። የዚህ አገር "እሺ" እውነተኛ መሆኗን ይኸው በስተርጅና ገባኝ። ከዚያ ግን ስንሰነባበት እጁን ያዝኩና፣ እንደ ሕፃን ሳላፍር፣ ቤቱ ስንት በር እንዳለውና እኔን በየትኛው እንደሚጠብቁኝ ጠየቅኩት።